የሰባተኛው ገንዳ መውቂያ

እናንተ ከፍ ያለ ወንበር የደረሳችሁ፣ እናንተም ቆማችሁ ወረፋ የምትጠብቁ፣ እናንተም ወንበሩም ወረፋውም ያልደረሳችሁ፣ ጆሯችሁን ስጡ! ቁመቷ ከበር እጀታ እምብዛም የማይበልጥ፣ ከጥርሶቿ አምስቱ ብቻ በታማኝነት አብረዋት የቆዩ፣ ከአንድ ክፍል ቤትና ከአንዲት የተጣጠፈች ወረቀት ሌላ ግዛት የሌላት፣ እትዬ ሰባት የተባለች ጡረተኛ ልብስ አጣቢ፣ በወረቀቷ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ይሰረዝላት ዘንድ መጠየቋ በሁሉ ዘንድ ይታወቅ። የጠየቀችው መስመር ነው፤ ሐውልት አይደለም። ሐውልት የጠየቀው ሌላ ሰው ነው። እሱም በጊዜው ይመጣል፤ ባለሥልጣን ሲባል ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የሚገባው።

ወረቀቷ የሥራ ምስክር ወረቀት ናት። ከትልቁ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጡረታ ስትወጣ የተሰጠቻት ስትሆን፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዛለች። «በልብስ ማጠቢያ ክፍል አርባ አንድ ዓመት አገልግለዋል። ጠባያቸው መልካም ነው። አንድ የልብስ መውቂያ አጥፍተዋል።» የአርባ አንድ ዓመት ላብ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ቁራጭ እንጨትም በአንድ ዓረፍተ ነገር። የጻፈውን ሰው ሚዛን አያውቅም ብላችሁ አትሙት፤ እኩል አድርጎ ነው ያካፈለው።

መውቂያ ማለት ክንድ የሚያህል፣ አንደኛው ጫፉ ለመጨበጫ የቀጠነ፣ ሌላው ጫፉ ሰፋ ብሎ ጠፍጣፋ የሆነ እንጨት ነው። የራሰ አንሶላ ድንጋይ ላይ ይታጠፍና በእሱ ይደበደባል፤ እድፉ እስኪናዘዝ ድረስ። ማሽን ከመምጣቱ በፊት በዚያ ክፍል ዘጠኝ የሲሚንቶ ገንዳዎች ነበሩ። በየገንዳው አንድ ሴት፣ ለየሴቷ አንድ መውቂያ። አለቃው ስም መያዝ ይሰለቸው ስለነበር ሴቶቹን በገንዳቸው ቁጥር ይጠራቸዋል፤ «አንድ፣ ሶዳውን ቀንሺ! አራት፣ ምን ይገትርሻል?» እያለ። የእኛዋ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሰባተኛው ገንዳ ላይ ቆመች፣ ሰባትም ተባለች። «እትዬ» የሚለውን በኋላ እድሜ በነጻ ጨመረላት።

መውቂያዎቹ እንዳይደባለቁ እያንዳንዷ በራሷ መውቂያ ላይ የገንዳዋን ቁጥር ያህል ጭረት ትቀርጽበታለች። አንድ መውቂያ ከአንድ መዳፍ ጋር ለመላመድ ዓመት ይፈጅበታል፤ የሰው መውቂያ ይዞ መሥራት የሰው ጫማ አድርጎ ዳገት እንደ መውጣት ነው። ሰባት የራሷን በወጥ ቤት ቢላዋ ቀረጸች። ስድስቱ ጭረት ቀጥ ብሎ ወጣ። ሰባተኛው ላይ ቢላዋው አዳለጣትና ጭረቱ ጎበጠ፤ ግራ አውራ ጣቷም ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ጠባሳ ተወ። ሁለቱ ጎባጣዎች ከአንድ ቢላዋ ስለተወለዱ ይመሳሰላሉ። ይህን ያዙልኝ።

እንግዲህ ወደ ጨዋታው። ዛሬ በየሜዳው ጎረምሳው ሁሉ የሚያብድለት፣ ደጋፊ ከደጋፊ የሚቧቀስበት «አራት ምሰሶ» የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በጠፍጣፋ ዱላ መትቶ ዱላውን ይጥልና አራት ምሰሶ በግራ በኩል ዞሮ ወደ ተነሳበት ይመለሳል። ከመመለሱ በፊት በኳሱ ከተመታ «ረጠበ!» ተብሎ ይወጣል። በሰላም ከተመለሰ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን መሬት ያስነካል። ኳሱ በምሰሶዎቹ መካከል የተወጠረውን ገመድ ከነካ ግን የመታው ሰው ወዲያው ይወጣል። ለምን? የሚጫወቱትን ብትጠይቁ «ሕጉ ነዋ!» ነው መልሱ። የሕጉን እናት የጠየቀ የለም።

እናቲቱ አንዲት የልብስ ማስጫ ናት። በሆስፒታሉ ጀርባ አራት ማዕዘን ሜዳ ነበር፤ በየማዕዘኑ ምሰሶ፣ ከምሰሶ ምሰሶ ገመድ፣ በስተቀኝ የዘበኛው ጎጆ። እኩለ ቀን ላይ አንሶላው ገመድ ላይ ሲወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሥራ ይቆማል፤ ተራው የፀሐይ ነው። ከዕለታት በአንዱ አምስተኛዋ ገንዳ ሰባተኛዋ ላይ ተናደደች። በምን እንደተናደደች ዛሬ ሁለቱም አያስታውሱትም። ባለቤቱ ያልተገኘ የበሽተኛ ካልሲ እንደራሰ ጠቅልላ ወረወረችባት። ሰባት ፊቷን ለመሸፈን መውቂያዋን አነሳች። ካልሲው ጧ አለና በረረ፤ ሲወርድ የዘበኛውን ቆብ ይዞ ወረደ።

ዘበኛው ፊሽካ ከአንገቱ ስለማይለይ ሴቶቹ «ፊሽካ» ይሉት ነበር። ከፊሽካው በቀር የሚያከብረው ነገር አልነበረውም። ካልሲውን አንስቶ ተነሳባቸው። ማን እንደመታው ስላላየ ሁሉንም አባረረ። በስተቀኝ የእሱ ጎጆ ስለሆነ ሁሉም በግራ ሮጡ። ምሰሶዎቹን እየዞሩ ተመለሱና እጃቸውን ገንዳ ውስጥ ከተቱ። እጇ ውሃ ውስጥ ያለ ሴት ሥራ ላይ ናት፤ ሥራ ላይ ያለችን ሴት ደግሞ ዘበኛ ምንም ሊላት አይችልም። ፊሽካ ቢቸግረው ካልሲውን ወደ ኋላ በቀረችው ላይ ወረወረ። ቀሚሷ ጀርባ ላይ ክብ እርጥበት ታተመ። «ረጠበች! ረጠበች!» ብለው ስምንቱ በሳቅ ገንዳቸው ላይ ተደፉ።

በማግስቱ ሆን ብለው መቱት። በሳምንቱ ሕግ ነበረው። ኳሱ የተሰጣ አንሶላ ከነካ አንሶላው እንደገና ይታጠባል፤ ስለዚህ የመታችው ትወጣለች፣ አንሶላውንም ራሷ ታጥባለች። የነካኝ አልነካኝም ክርክር አልነበረም፤ ቀሚስ አይዋሽም። ዳኛ አላስፈለጋቸውም፣ ተከላካይ ግን ነበራቸው። ፊሽካ ራሱ ሳያውቀው ከሁሉም በላይ የሚሮጥ ተጫዋች ሆኖ ነበር። በሩን ክፍት ጥሎ፣ ፊሽካውን እየነፋ፣ በቀን አራት አምስቴ።

ይህ ሁሉ ሦስት ወር ያህል ቆየ። አንድ ቀን ሰባት መታችና ለሩጫ እንዲቀልላት መውቂያዋን ሦስተኛው ምሰሶ ሥር ጣለች። ፊሽካ ያን ዕለት ሰው ማሳደዱን ተወው። ጎንበስ ብሎ መውቂያውን አነሳና ካፖርቱ ውስጥ ሸጎጠው።

«አምጣ እንጂ አያ ፊሽካ!» አለችው።

«የምን ማምጣት? የትኛውን?» አለና ወደ ጎጆው ገባ።

በማግስቱ የንብረት ቆጠራ ሆነ። አለቃው ሰባተኛው ገንዳ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«መውቂያሽስ?»

ሰባት እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች።

«አንቺን ነው! እንጨት በላሽ?»

ዘጠኙም ውሃቸውን አዩ። ዘበኛው ወሰደው ብትል ለምን ወሰደው ይመጣል፤ ለምን ወሰደው ከመጣ ጨዋታው ይወጣል፤ ጨዋታው ከወጣ ዘጠኙም በአንድ ቀን ይባረራሉ። ፊሽካ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ እሱም ዝም አለ። በሩን ጥሎ መሮጡ ከታወቀ ፊሽካውን ሊያስረክብ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ሴትና አንድ ወንድ አንድ እውነት ተካፍለው ዋጡ፤ የተጻፈው ግን በአንዷ ማኅደር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የገንዳ አለቃነት ሦስት ጊዜ ክፍት ሆነ። ሦስት ጊዜ የሰባት ማኅደር ተከፈተ። ሦስት ጊዜ «እቃ የምታጠፋ» ተብሎ ተዘጋ። በሦስተኛው ጊዜ የተሾመችው እሷው ራሷ አንሶላ ማጠፍ ያስተማረቻት ልጅ ነበረች።

ጨዋታው ግን አጥር ዘለለ። የሰፈር ልጆች በስንጥቅ አይተው ወሰዱት፤ ከልጆች ጎረምሶች ነጠቁት። ሴቶች ሲጫወቱት ሥራ መፍታት ነበር፣ ወንዶች ሲይዙት ስፖርት ሆነ። ካልሲው ቆዳ ለበሰ፤ መውቂያው ቀለም ተቀባ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሁሉ አመጣጡ ድፍን ያለ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ፤ ጭጋግ የሸፈነው ነው ይላሉ። ጭጋግ አይደለም፣ የገንዳ እንፋሎት ነው። መጀመሪያ የተጫወቱት ሰዎች መጫወታቸውን ቢናገሩ እንጀራቸው ይቋረጥ ነበር፤ ታዲያ ማን ይጻፍላቸው?

የሚጽፍ ግን አይጠፋም። እነሆ መዝጋቢው ገባ።

መዝጋቢው የከተማው መዝገብ ቤት ሹም ነው። አምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እስክሪብቶ በደረት ኪሱ ሦስት፣ በጆሮው አንድ። የእትዬ ሰባትን የእህት ልጅ አግብቷል። ከሥራ ውጪ የአራት ምሰሶ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ማኅበሩ በስፖርት ቢሮ እንዲታወቅ ቅጽ መሙላት ነበረበት። ቅጹ ላይ «የጨዋታው መሥራች» የሚል ሳጥን አለ፤ ባዶ ሳጥን ያለበት ቅጽ ደግሞ አይቀበሉም። መዝጋቢው ባዶ ሳጥን ሲያይ ያመዋል። ስለዚህ ሠላሳ ሁለት ገጽ መጽሐፍ ጻፈለት።

እኔ በዘመኔ ብዙ ትንንሽ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ግማሾቹ ዓለምን ሊገለብጡ፣ ግማሾቹ የራስ ቅባት ሊሸጡ የተጻፉ ናቸው። እንዲህ ያለ በራሱ የረካ ግን አልገጠመኝም። በመጽሐፉ መሠረት ጨዋታው የጥንት ጀግኖች የጦር ልምምድ ነው። ገመዱ የአገር ድንበር ነው። «ረጠበ» የተባለው ጀግና በላብ መጠመቁን ለመግለጽ ነው። ጎንበስ ብሎ መሬት መንካት ለምድሪቱ የሚሰጥ ክብር ነው። ይህን የጠፋ ጥበብ ከሞት ያስነሳው መሥራች ደግሞ፣ መቼም ሳትጠረጥሩ አልቀራችሁም፣ የጸሐፊው አያት ናቸው። «አያቴ በጎልማሳነታቸው ዘመን በየቀኑ ከወጣቶች ጋር በሜዳው ዙሪያ ይሮጡ እንደነበር አባቴ በቃሉ ነግሮኛል» ይላል ገጽ አሥራ አንድ። ውሸት የለበትም። ከወጣቶች ጋር ነው የሮጡት፤ ከኋላቸው።

እትዬ ሰባት ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር፤ ማንበብ አትችልም። የሆስፒታሉ አሮጌ ማኅደሮች ወደ ከተማው መዝገብ ቤት መዛወራቸውን ግን ከእህቷ ልጅ ሰማችና አንድ ማክሰኞ ሦስተኛው መስኮት ላይ ደረሰች። ከመስኮቱ ደፍ በላይ የሚታየው ሻሿ ብቻ ነበር።

«እትዬ! እርስዎ ነዎት? ምነው በእግርዎ?»

«በማን እግር ልምጣ?» ወረቀቷን ዘረጋችና ጣቷን ሦስተኛው መስመር ላይ አኖረች። ማንበብ ባትችልም መስመሩ የት እንደተቀመጠ ታውቃለች። «ይቺን አጥፋልኝ።»

«መዝገብ አይጠፋም እትዬ። መዝገብ ይስተካከላል።»

«እንግዲያው አስተካክላት።»

«በማስረጃ ነዋ! ወይ እቃው ራሱ፣ ወይ በዓይናቸው ያዩ ሁለት ምስክሮች።»

«እቃውን ዘበኛ ነው የወሰደብኝ። ፊሽካ የሚሉት።»

መዝጋቢው ሰው አክባሪ ነው፤ ተነስቶ የሠራተኞችን መዝገብ አመጣ፣ ምራቁን ጣቱ ላይ እየነካ ገለጠ። «ፊሽካ የሚባል ሠራተኛ የለም።»

«ሰባት የምትባልስ አለች?»

ገለጠ። «እሷም የለችም።»

«ታዲያ ልጄ፣ ሁለታችንም ከሌለን እንጨቱን ማን አጠፋው?»

ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። መዝጋቢውም ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን መዝገቡን ዘጋው። «ለማንኛውም ቅዳሜ ከሰዓት ማኅበራችን ጋ ይምጡልኝ። ኤግዚቢሽን እንከፍታለን፣ የመሥራቹን የመታሰቢያ ድንጋይም እንገልጣለን። ፊት ወንበር ይዤልዎታለሁ። ለፎቶው አንድ አዛውንት ያስፈልገናል።»

ቅዳሜ መጣች። የማኅበሩ ክፍል ጠባብ ናት፤ ሁለት ደርዘን የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የዋንጫ ፎቶዎች፣ ጥግ ላይ የተበላሸ የድምፅ ማጉያ። ከበሩ ውጭ ድንጋዩ ነጭ አንሶላ ተከናንቦ ቆሟል። መሐል ጠረጴዛ ላይ የመስታወት ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ የዘመናት ጥቀርሻ ያጠቆረው ጠፍጣፋ ዱላ። ከበላዩ የመሥራቹ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ካፖርት የለበሰ፣ ጢሙን ያሾለ፣ ከአንገቱ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰው።

እትዬ ሰባት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሮቿ መሬት አልደረሱላትም። ፎቶውን አየች። ቀና ብላ እንደገና አየች። ከዚያ ዝቅ ብላ ሣጥኑን አየች።

መዝጋቢው እያነበበ ነበር። «...ይህን ታሪካዊ ዱላ አያቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከአጠገባቸው አልለዩትም። በስተርጅናቸውም ከበራቸው አጠገብ ይቆም እንደነበር እኔው በልጅነቴ በዓይኔ አይቻለሁ። በላዩ ላይ የምታዩአቸው ሰባት ጭረቶች ድል ያደረጉባቸው ሰባት ታላላቅ ግጥሚያዎች ናቸው። ሰባተኛው ጎበጥ ያለው ከባዱን ድል ለማመልከት ሳይሆን አይቀርም።»

ጭብጨባ ሆነ። ጭብጨባው ሲበርድ፣ «ቢላዋ አዳልጦኝ ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምን አሉ እትዬ?»

«ከባዱ ድል አይደለም። ቢላዋው አዳልጦኝ ነው የጎበጠው። የኔ መውቂያ ነው፣ ልጄ። አያትህ ደግሞ ፊሽካ ናቸው። አይ ፊሽካ! ፎቶም ተነስቷል!»

ከወጣቶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። የማኅበሩ ጸሐፊ ጣራውን አየ። የመዝጋቢው ሚስት ግን አክስቷን ደግፋ አስነሳች፤ የሣጥኑንም ክዳን ማንንም ሳትጠይቅ ብድግ አደረገችው። አሮጊቷ ግራ አውራ ጣቷን ሰባተኛው ጭረት አጠገብ አኖረች። የጎበጠው ጭረትና የጎበጠው ጠባሳ ጎን ለጎን ተኙ። ፎቶ አንሺው ለሌላ ነገር ተከፍሎት ቢመጣም እጁ አላስቻለውም፤ አነሳው። ከዚያ እትዬ ሰባት መውቂያውን ጨበጠች። ስድሳ አራት ዓመት ሙሉ ሌላ መዳፍ አልለመደም ነበር፤ እጇ ውስጥ ልክ ገባላት። አንዴ አየር ላይ ወቃችበት። የፊተኛው መስመር በሙሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጉዳዩ ይጠናል» አለ መዝጋቢው። ድንጋዩ ሳይገለጥ ሰው ተበተነ።

በማግስቱ አክስትየዋ በእህቷ ልጅ ቤት ሻይ ቀርቦላት ተቀምጣለች። መዝጋቢው ቅጹንም ማኅደሩንም ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል፤ ሸሚዙን ከሱሪው ማስገባት የረሳበት ዕለት ይህ ብቻ ነው ይባላል።

«አያትህ በር የሚቀረቅሩበትን እንጨት መስታወት ውስጥ ስትከት ተው ብዬህ ነበር» አለች ሚስቱ።

«መቀርቀሪያ መሆኑን ማን አወቀ? ከበር አጠገብ ይቆም ነበር ነው ያልኩት።»

«ምን ሊያደርግ ከበር አጠገብ ይቆማል? እንግዳ ሊቀበል?»

እሱ ወደ አሮጊቷ ዞረ። «እትዬ፣ እቃው ተገኝቷል። ደንቡ ግልጽ ነው። የጠፋ ንብረት ሲገኝ 'ጠፍቶ የነበረው ተገኝቷል' ተብሎ ይጻፋል። ነገ ጠዋት በገዛ እጄ እጽፍልዎታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«አንብብልኝ እንደገና።»

«'ጠፍቶ የነበረው ተገኝቷል።'»

ሻይዋን አስቀመጠች። «ተገኘ ካልክ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ጠፍቶ ከነበረ አጥፍቼው ነበር ማለት ነው። እኔ አላጠፋሁም። ተወሰደብኝ።»

«እትዬ፣ ትንሽ ልዩነት እኮ ናት።»

«ትንሽ ከሆነች ምን አስጨነቀህ? ጻፋታ!»

መዝጋቢውን ለመውቀስ የቸኮላችሁ ቆዩ። ሰውየው ሌባ አይደለም። አያቱን የሚወድ፣ ደንብ የሚወድ፣ ሁለቱ ሲጣሉ የት እንደሚቆም የማያውቅ ሰው ነው። «ተወሰደ» ብሎ ከጻፈ ወሳጁን መጻፍ አለበት፤ ወሳጁን ከጻፈ የድንጋዩ ስምና የማኅደሩ ስም አንድ ይሆናል። ሠላሳ ሁለት ገጽ ሙሉ ያነገሠውን ሰው በአንድ መስመር ሊያወርደው ነው። ብዙ ብልጥ ሰው በዚህ ቦታ ማኅደሩን አይጥ በላው ይል ነበር። እሱ ግን ሳጥን ባዶ ሲሆን እንደሚያመው ሁሉ፣ ሳጥን በውሸት ሲሞላም ያመዋል መሰለኝ፤ ይህ በሽታው እስከዚያ ቀን አልታወቀበትም ነበር። ደንቡን ገልጦ ገልጦ ራሱ አንቀጹን አገኘላት።

«'ተወሰደ' ለማለት እቃው ብቻ አይበቃም» አለ፣ ቀና ሳይል። «ሲወሰድ ያዩ ሁለት ምስክሮች ቃል ያስፈልጋል። ተጽፎ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት። ሁለቱን ካመጡልኝ... እሰርዘዋለሁ።»

«አያትህንስ?»

«እኔ መዝጋቢ ነኝ እትዬ።» ይህን ያለው እንደ ፎከረ ሰው ሳይሆን እንደታመመ ሰው ነው። ቅጹን ግን አጠፈና መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ የመሥራቹ ሳጥን ባዶ እንደሆነ።

ሥራው የተጀመረው ያኔ ነው። ከዘጠኙ ሴቶች ስድስቱ ሞተዋል። አምስተኛዋ ገንዳ በከተማው ሌላ ጫፍ ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ አፏ ግን አልደከመም። የመዝጋቢው ሚስት አክስቷን ይዛ ሄደች።

«ሰባት ነኝ» አለቻት በሩ ላይ።

«ካልሲውን ልትመልሽ ነው?» አለቻት አምስት።

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ቃሏን ሰጠች፤ ሚስትየዋ ጻፈች። ዘበኛው ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር አንስቶ ካፖርቱ ውስጥ መክተቱን፣ አለቃው ሲጠይቅ ሁሉም ዝም ማለታቸውን። «ፈርተን ነበር ብለሽ ጻፊ» አለች። ወደ ሰባት ዞራ፣ «እሷ ግን ከሁላችን በላይ ፈርታ ሳለ ነው ዝም ያለችልን ብለሽ ጨምሪበት» አለች። አሻራዋን አኖረች። አንድ ምስክር ሆነ።

ሁለተኛዋ ምስክር ሁለተኛዋ ገንዳ ናት። ያን ዕለት ለሦስተኛው ምሰሶ ከሁሉም የቀረበችው እሷ ነበረች፤ ካፖርቱ ሲከፈትና ሲዘጋ አይታለች፣ እንዲያውም ፊሽካን በራሰ ካልሲ ጀርባውን የመታችው እሷ ናት። ከዓመት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አገባትና በመኪናው ላይ ሳፋዋን ጭና ሄደች። ወዴት? ሰባት አታውቅም፣ አምስት አታውቅም፣ መዝጋቢው ለአምስት ከተማ መዝገብ ቤቶች ጽፎ ጠይቋል፤ «ሁለት የምትባል የለችም» የሚል መልስ ከአምስቱም መጥቷል።

ድንጋዩ እንደተከናነበ ቆሟል። አንሶላው አቧራ ሲጠጣ የሚያጥበው ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም፤ በየሁለት ሳምንቱ አውርዳ፣ በራሷ መውቂያ ወቅታ፣ አድርቃ መልሳ ታለብሰዋለች። ጎረምሶቹ ኳሳቸው አንሶላውን እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ። አሁን ለምን እንደሆነ ያውቃሉ።

እንግዲህ አንተ እዚህ ድረስ ያነበብከው፣ አንቺም፤ ሳቃችሁን ጨርሳችሁ ከሆነ ሥራ አለባችሁ። ሁለተኛዋ ገንዳ ከእናንተ የአንዳችሁ አያት ናት፤ ግራኝ ናት። ቀልድ ስትጀምር ጫፉ ላይ ሳትደርስ ራሷ ትስቃለች። አንሶላ ስታጥፍ ማንም እንዲያግዛት አትፈቅድም፤ ልጅ ሳለሽ ምን ትሠሪ ነበር ስትሏት ወሬ ትቀይራለች። ሂዱና አጠገቧ ቁጭ በሉ። ስለ ታሪክ አትጠይቋት፣ ስለ ስፖርት አመጣጥም አትጠይቋት፤ ትደነግጣለች፣ ስድሳ አራት ዓመት የደበቀችው ነው። አንድ ነገር ብቻ በሏት፤ «ሦስተኛው ምሰሶ ሥር የወደቀውን የሰባትን መውቂያ ማን አነሳው?» ከሳቀች አታቋርጧት። ካለቀሰችም አታቋርጧት። የተናገረችውን እንደተናገረችው ጻፉ፣ ትፈርምበት ወይም ጣቷን ታሳርፍበት፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ መዝገብ ቤቱ ሦስተኛ መስኮት ኑ፣ እትዬ ሰባት ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነች፣ ሰማንያ ዓመቷ ነው፣ እና ስለዚህ እባካችሁ በዚህ ማክሰኞ ካልሆነ...